የቅዳሜ በርጩማ

ሰው ሁሉ ሰውን በፊቱ ያውቃል፤ እሱ ግን የከተማውን ሰው የሚያውቀው በጉልበቱ ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር። ባቡሩ ሲቆም ከፉርጎው በር ሥር የእንጨት በርጩማ ማስቀመጥ፣ የሚወርደውን ክንዱን ይዞ ማውረድ፣ የሚሳፈረውን ገፋ አድርጎ ማሳፈር፣ ከዚያ በርጩማውን አንሥቶ ወደሚቀጥለው በር መሮጥ። ጣቢያውን ማን እንደቀየሰው እንጃ፣ መሬቱ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ የፉርጎው የመጨረሻ የብረት ደረጃ የቆመ ሰው ጭን ጋ ይደርሳል። ጎረምሳ ዘሎ ይወርዳል። ለሌላው ፍጡር ሁሉ ግን በርጩማው ነበረለት። ስሙንም እሱው ወሰደበትና ከተማው በሙሉ «በርጩማው» ይለዋል። ሚስቱ እንኳ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው።

የርእሰ መምህሩ ቀኝ ጉልበት ሲታጠፍ ቀጭ እንደሚል ከራሳቸው ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ በግራ እግሯ ካልጀመረች አትወርድም። ጠበቃው ደግሞ ምንም ሳይሆን እንዲሁ ሰው ላይ መደገፍ ይወዳል፤ እሱንም ችሎ ያወርደዋል።

በርጩማዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የአዘቦት፣ አንዱ የቅዳሜ። ሥራ በጀመረበት ወር የነበረው አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ ባቡሩ ሰውና ጆንያ ጠቅጥቆ ይመጣል፤ ከዚህም ሌላ ሰውና ሌላ ጆንያ ይጭናል። በዚያ ወር አንድ ቅዳሜ ሰው ሲሳፈር፣ ሲሳፈር፣ ፉርጎው ሞላዎቹ ላይ እየተጫነ ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለና የብረት ደረጃው በርጩማውን ከላይ ተጭኖ ያዘው። እሱ ይጎትታል፣ በርጩማው ወይ ፍንክች! ፊሽካው ተነፋና ባቡሩ በርጩማውን እየጎተተ ሄደ። እሱም «ኧረ በርጩማዬን! ኧረ በሕግ!» እያለ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ከኋላ ሮጠ። በማግስቱ የባቡሩ ነጂ በርጩማውን በመስኮት አቀበለው፤ አንድ እግሩ ጎድሏል። «ትኬት ሳይቆርጥ ነው የተሳፈረው» አለው። ከዚያ በኋላ አራት ጣት የሚያጥር ሌላ በርጩማ ሠራ። ቅዳሜ ሲመጣ እሱን ያወጣል፤ ለማንም አስረድቶ አያውቅም፣ የጠየቀውም የለም።

የዚህ ሰው ችግር ግን አንድ ጉልበት ነው፤ የታላቅ እህቱ።

እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ሕፃን፣ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ኮረዳ ነበሩ። አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ድራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችው እሷ ናት። የራሷ ትዳር የመጣው ዘግይቶ ነው። ባሏን ተከትላ በባቡር ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬደው ትልቅ ከተማ ስትሄድ ያባታቸውን ቤት ለሱ ተወችለት። በየወሩ እየመጣች ግድግዳውን፣ ጓዳውን፣ ወንድሟንም ጭምር ትቆጣጠር ነበር፤ ግራ ጉልበቷ አልታጠፍ እስኪላት ድረስ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ እግሯ እንቢ አላት። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ ከታች ሰው ያያል። ወንድም ሆዬ ሳይጠይቃት ብድግ አደረጋት። ዞር ሲል እግሩ ከበርጩማው ሳተና ሁለቱም እዚያ የተከመረ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተዘረሩ። ጣቢያው በሳቅ ፈረሰ። ይህስ ባልከፋ፤ ግን እሱም ሳቀ። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፣ አንድ ቃል ሳትናገር እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ተቀመጠች፣ የመመለሻው ባቡር ሲመጣ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ተሳፈረች። ከመስኮቱ ብቅ ብላም «ሁለተኛ እዚህ ጣቢያ እንደ ጆንያ አልራገፍም!» አለችው።

መኪናስ የለም ወይ ያለ እንደሆነ፣ መኪና አይስማማትም፤ ገና ሞተሩ ሲነሣ ያጥወለውላታል። እሱ በዓመት ፈቃዱ እየሄደ ይጠይቃታል። ያደገችበትን ደጃፍ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልረገጠችም። ልጇ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው የምትኖረው፤ በእሷም በልጇም ከተማ ጣቢያዎቹ ከፍ ያለ መድረክ ስላላቸው ያለ ማንም ርዳታ ትወጣለች ትወርዳለች። እናም በየወሩ በወንድሟ ጣቢያ በኩል ታልፋለች። ባቡሩ የሚቆመው አራት ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ፉርጎ በር ላይ ትቆማለች፣ እሱ ከታች አንጋጦ ይቆማል፣ ጉብኝቱ ይሄው ነው።

«ከሳህ።»

«አልከሳሁም እትዬ።»

«ከስተሃል። ሚስትህ ደኅና ናት? ጣራው ያፈሳል? የጓዳው መስኮት ተገጠመ? እንካ፣ ሹራብ ነው፤ እጅጌው ካጠረህ ራስህን ውቀስ፣ ባለፈው ስለካህ ትንቀሳቀስ ነበር።»

«ውረጂና ቤቱን ራስሽ እይው።»

«አንተ እንድትስቅ?»

በሩ ይዘጋል። እሱ ቀኑን ሙሉ ሆድ ብሶት ይውላል፤ የዚያን ዕለት ጠበቃውን እንኳ በወጉ አይደግፈውም።

ባለፈው ዓመት የጣቢያው አለቃ አንድ ወረቀት ይዘው ከቢሯቸው ወጡ። ጣቢያው ሊታደስ ነው። ሊታደስ ከሚባል እንደ አዲስ ሊሠራ ነው ቢባል ይሻላል፣ የሚታደስ ነገር አልነበረውምና። ዝናብ በመጣ ቁጥር የእንግዳ ማረፊያው በሦስት ባልዲ ነበር የሚተርፈው። የትኬት መስኮቱ መስታወት በፕላስተር ተጣብቆ ትኬት ቆራጯ ደንበኞቿን በስንጥቅ አጮልቃ ነበር የምታየው። አግዳሚ ወንበሮቹ መሐላቸው ከመስመጡ የተነሣ የማይተዋወቁ ሦስት ሰዎች ከተቀመጡ ተዛዝለው ይነሣሉ። ይህ ሁሉ ሊቀየር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሐዲዱ ጎን፣ ከፉርጎው ወለል ጋር እኩል የሆነ የአርማታ መድረክ ሊሠራ ነው።

ይህን ሲሰሙ ሁሉም ዞረው እሱን አዩት።

«አለቀልህ በለኛ!» አለው ጠበቃው።

አለቃው ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሌላ ነገር እንፈልግልሃለን» አሉት። ምን እንደሆነ ግን አልነገሩትም፤ እሳቸውም እንደማያውቁት ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። እሱ ይህን ሁሉ አልሰማም። እግሩን አንሥቶ ወደ ቤቱ በረረ። ሚስቱ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«መድረክ ሊሠሩ ነው! እኩል! እንደ ወለል!»

«ታዲያ ሥራህን ሲያጠፉብህ ትጨፍራለህ እንዴ? አመመህ?»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ እትዬ ትወርዳለች!» ብሎ ከነእርጥብ አንሶላው አቀፋት።

እትዬ ግን በዋዛ የምትገኝ ሴት አይደለችም። በወሩ በሩ ላይ ሆና ስትሰማው ከአራቱ ደቂቃ አንዷን በዝምታ በላቻት።

«እኩል ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት እንደመሄድ ነው።»

«እንግዲያው ስማ። በሚመረቅበት ቀን በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ። በእግሬ ከወረድኩ ወረድኩ። ካልሆነ ግን አንተም ሁለተኛ ውረጂ አትበለኝ፣ እኔም በዚህ መስመር አላልፍም። ልጄ ወደ እኔ ትምጣ። አንጋጠህ ስታየኝ አንገትህ ያሳዝነኛል።»

ይህን ብላ በሩን ዘጋች። እሱም እንግዲህ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ላይ እንደተንጠለጠለ ገባው።

ሥራውን የምትመራው አንዲት ወጣት ኢንጂነር ነበረች፤ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ እርሳሷን የምትፈልግ ዓይነት። ባቡሩ ሥራ ስለማያቆም መድረኩ የሚሠራው በግማሽ በግማሽ ነው። ሐዲዱ ዳር የብረት ቋሚዎች ተተከሉ፤ አርማታው እስከየት እንደሚደርስ በቀይ ቀለም ምልክት ተደረገባቸው። ሐሙስ ዕለት የአዘቦቱን በርጩማ ታቅፎ ሲያልፍ ቀዩን መስመር አየና ቆመ። ዓይኑ ለዚህ ነገር ውሃ ልክ ነው። መስመሩ ከፉርጎው ወለል ጋር ልክክ ብሏል፤ ከሐሙስ ወለል ጋር። የቅዳሜውስ? የፉርጎው በር ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ወለሉ አራት ጣት ከወረደ በሩ አርማታውን ይመታና አይከፈትም። ሥራው አልቆ የሚመረቅበት ቀን ደግሞ የተቆረጠው ለቅዳሜ ነው። እህቱ ከተዘጋ በር ኋላ ቆማ፣ ከተማው በሙሉ በመስታወት ሲያያት ታየውና ወደ ኢንጂነሯ ሮጠ።

«ኢንጂነር፣ ይሄን ቀይ መቼ ነው የለካሽው?»

«ማክሰኞ። ባቡሩ እንደቆመ በገዛ እጄ ነው የለካሁት ጋሼ። ፕላኑ ላይ ያለውም ቁጥር እሱው ነው።»

«ማክሰኞ ባዶውን ነው የሚመጣው። ቅዳሜ አራት ጣት ይወርዳል።»

አሸዋው ክምር ላይ ጋደም ያለው ፎርማን ሳቀ። «ጋሼ በርጩማ፣ ሥራህ እንዳይቀርብህ ነው አይደል? አይዞህ፣ ለልጅ ልጆችህ መቀመጫ ይሆናል!» ሠራተኛው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ነገሩ አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። ሥራውን ቢፈልግማ አፉን ይዞ መቀመጥ ይበቃው ነበር።

ኢንጂነሯ አልሳቀችም፤ ግን የአርማታው መኪና ለቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ታዟል፣ ባቡሩ የሚመጣው አራት ሰዓት ነው፣ ቁጥሩም ቁጥር ነው። «አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አስብበታለሁ» አለችው። ይህ ቃል አላስብበትም ማለት መሆኑን ሃያ ስድስት ዓመት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው አይጠፋውም።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱን በርጩማዎች ይዞ መጣና ጠረጴዛዋ ፊት ጎን ለጎን አቆማቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔ ስለ ባቡር አልተማርኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ጤነኛ ሰው ምን ቆርጦት ሁለት በርጩማ ይሠራል?»

ኢንጂነሯ ተነሥታ በርጩማዎቹን አገላበጠቻቸው። ሜትር አውጥታ ለካቻቸው፤ ልዩነታቸው ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በጣቷ ላያቸውን ዳሰሰች። ሁለቱም መሐሉ ላይ እኩል ጎድጉደዋል።

«ይሄኛው አጭሩ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚሠራው?»

«አንድ ቀን።»

«ታዲያ ከስድስት ቀኑ እኩል ያለቀው ለምንድነው?»

«ቅዳሜ የሚወርደው ሰው የስድስቱን ቀን ያህል ነዋ።»

ኢንጂነሯ በርጩማዎቹን ደግማ አየች። ቀጥላ ስልኳን አንሥታ የአርማታውን መኪና ወደ ስድስት ሰዓት አዛወረችው። ፎርማኑ «ኢንጂነር፣ በበርጩማ ነው እንዴ የምንሠራው?» ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ቅዳሜ ባቡሩ እያቃሰተ ገባ። ኢንጂነሯ «ሳልለካ አንድ ሰው እንዳይወርድ!» አለች። ምክንያቱም አሥር ሰው ከወረደ ፉርጎው ከፍ ይላል። እናም ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያወርድ የኖረው ሰውዬ የሦስተኛው ፉርጎ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጆቹን ዘርግቶ ሰው ማገድ ያዘ። አለቃው አንደኛውን በር፣ ትኬት ቆራጯ ሁለተኛውን ያዙ። ውስጥ ጩኸቱ ቀለጠ።

«ምን ተፈጠረ? ታሰርን እንዴ?»

«ዶሮዬ ታፈነች!»

«ይሄ ያለ አግባብ ሰውን ነፃነቱን መንፈግ ነው!» አለ ጠበቃው ከጆንያዎች መሐል፤ ፊቱ ብቻ ነበር የሚታየው። «አንቀጽ ልጥቀስልህ?»

«አንዴ ታገሠኝ ጌታዬ፣ ከወረድክ በኋላ ትጠቅስልኛለህ።»

ኢንጂነሯ ጠጠሩ ላይ ተንበርክካ ለካች። ቆም ብላ እንደገና ለካች። ፎርማኑም አላመነምና ሜትሩን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ቀዩ መስመር ከወለሉ በላይ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቆሟል። ፎርማኑ ማንንም ሳያይ ብሩሹን አመጣና አሮጌውን ምልክት አጥፍቶ አዲሱን ዝቅ አድርጎ አሰመረ። «እንዲህ ነው ጋሼ?» አለ፤ በርጩማ የምትለዋ አልተከተለችም።

ኢንጂነሯ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሣች። «አምስት ዓመት ተምሬ ሰው እንደሚከብድ ረሳሁት» አለችና ሳቀች። እሱም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጠበቃውን ሲያወርደው እንኳ ደግፎ፣ አቅፎ፣ ኮቱን አስተካክሎ ነው ያወረደው።

የምርቃቱ ቅዳሜ ደረሰ። ጣቢያው በአዲስ ቀለም ያንጸባርቃል፤ ባልዲዎቹ ጡረታ ወጥተዋል። ትኬት ቆራጯ በአዲሱ መስታወት የደንበኞቿን ሙሉ ፊት አይታ ከአንዳንዱስ ስንጥቁ ይሻለኝ ነበር እያለች ታወራለች። የአለቃው «ሌላ ነገር» ደግሞ ፊሽካና አረንጓዴ ባንዲራ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህ በኋላ ባቡሩን ሂድ የሚለው እሱ ነው። ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ባንዲራው ብብቱ ሥር ሆኖ ከመድረኩ ጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። ንግግር ተደረገ፤ ከእሱ በቀር ሁሉም ሰምቷል።

ባቡሩ ገባ። ሰው በሰው ላይ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ ነው። ቆመ። የሦስተኛው ፉርጎ በር ተገፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ምንም የመጋጨት ድምፅ አልሰማም። ሲገልጠው በሩ የአርማታውን ጫፍ እንኳ ሳይነካ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እትዬም የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ያለው ሕዝብ የሚገፋ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ሳሉ ዱላዋን አሳይታቸዋለች።

ሳያስበው እጁን ዘረጋ።

«ሰብስብ!»

ሰበሰበ። በዱላዋ አርማታውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ቀኝ እግሯን አሳለፈች። ከዚያ ያንን አመለኛ ግራ እግር፣ ሳታጥፈው፣ ቀስ አድርጋ አመጣችው። ሁለቱም እግሮቿ መድረኩ ላይ ቆሙ። ዳቦ ጋጋሪዋ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌላውም ተቀበላት፣ ጣቢያው በጭብጨባ ደመቀ።

«ምን ያጨበጭባሉ? ሰው ሲራመድ አይተው አያውቁም?» አለች እትዬ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እሱማ የሆነ ያልሆነውን እያወራ፣ እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። ከባቡሩ ራስ ነጂው አንገቱን አውጥቶ «አንተ ሰውዬ! እንሂድ ወይስ እዚሁ እንደር?» ብሎ ባይጮህ ፊሽካውን የሚያስታውሰው አልነበረም። ነፋ፣ ባንዲራውንም አውለበለበ። ባቡሩ ያለ እህቱ ሄደ።

የአሥር ደቂቃውን መንገድ ግማሽ ሰዓት ሄዱት፤ በየበሩ የሚያስቆማት ሰው ነበር። ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ከውስጥ ከውጭ ቀለም ስትቀባ ከርማ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትጠብቃለች። እትዬ ደጃፉ ላይ ደርሳ ቆመች። እሱም ቆመ፤ ገና ያን ጊዜ ልብ አለ።

ከበሩ ፊት አባታቸው የሠሯቸው ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ከፍ ከፍ ያሉ፣ እያንዳንዳቸው እስከ ጉልበት የሚደርሱ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው እርምጃ ሲለካ የኖረ ሰው፣ ለአራት ጣት ከኢንጂነር ጋር የተሟገተ ሰው፣ ጠዋት ማታ የሚወጣባቸውን የገዛ ቤቱን ደረጃዎች ረሳቸው! ሚስቱም እንዲሁ፤ አሳምራ ነጭ ቀለም ቀብታቸዋለች። አሁን አፏን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች።

«እትዬ…» ድምፁ የልጅ ሆነ። «አንድ ሰዓት ብቻ ስጪኝ። ድንጋይ እደረድራለሁ፣ ጎረቤት እጠራለሁ…»

እትዬ ደረጃዎቹን አየች፣ እሱን አየች።

«ያን ጊዜ በምን የተናደድኩ ይመስልሃል?»

«ስለሳቅሁ ነዋ። ይቅር በይኝ እትዬ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።»

«በሳቅህ አይደለም። ሰባት ዓመት እስኪሞላህ በጀርባዬ ነው ያዘልኩህ። ሰፈሩ ሁሉ ‹አሁንስ ትልቅ ሰው አከለ፣ አውርጂው› ሲለኝ እንቢ አልኩ። ያን ቀን ሳትጠይቀኝ ብድግ ስታደርገኝ፣ እኔ በቃሁ ማለት ነው አልኩ በሆዴ። ከእንግዲህ የሚያዝለኝ እንጂ የማዝለው የለኝም አልኩ። እሱ ነው ያንገበገበኝ።»

ይህን ብላ ዱላዋን ለሚስቱ አቀበለቻትና ሁለት እጆቿን ወደ አንገቱ ዘረጋች።

«ዛሬ በእግሬ ወርጃለሁ፤ ከተማው አይቶኛል። በል ና፣ አንሣኝ።»

«ብንወድቅስ?»

«ብንወድቅ እንወድቃለን፤ የቤታችን ደጃፍ አይደል?»

አነሣት። አንደኛውን ደረጃ እንደወጣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማውና የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሳቋ አመለጣት፤ ቤቱን የሚሞላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሳቅ። «ኧረ እትዬ አታስቂኝ፣ እጥልሻለሁ!» እያለ እሱም በሳቅ እየተንገዳገደ አስገባትና መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከተቀመጠችም በኋላ አንገቱን አልለቀቀችውም።